የሚያነክስ ዘፈን

ስሙን ያወጣላት አኮርዲዮን ተጫዋቹ ነው። ባሕር ማዶ ሙዚቃ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ አፏን በከፈተች ቁጥር «እዚያ ማዶ እኮ…» ሳትል አትጨርስም ነበር። አንድ ቀን ሰውየው መሣሪያውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ «እሺ እመት ማዶ፣ እዚህስ ምን ይደረግ?» አላት። በዚያው ማዶ ሆና ቀረች።

ሦስት ሆነው ነው የሚጫወቱት። አኮርዲዮን ተጫዋቹ በወጣትነቱ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር። መርከቧ ወደብ ስትቆም ሌሎቹ መጠጥ ቤት ሲሄዱ እሱ ዜማ ለቀማ ይወጣል። የዘፈኖቹን ርዕስ አያውቅም፤ ስም የሚሰጣቸው ራሱ ነው። «ዝናብ ያገተን ወደብ»፣ «ዓሣ ሻጯ ሴትዮ»፣ «ጫማዬን የሰረቁኝ ለት»። ትንሹም ትልቁም ጋሼ ይለዋል። ከበሮ የምትመታዋ ሴት ደግሞ ዝምታ ትባላለች፤ እጇ ቤት እያንቀጠቀጠ ከአፏ አንድ ቃል የሚወጣው በስንት መከራ ነውና። ሦስተኛዋ ማዶ ናት፣ ከቫዮሊኗ ጋር።

በሳምንት ሁለት ቀን ወደ አንድ የማገገሚያ ማዕከል ይሄዳሉ። ስትሮክ የመታቸው፣ አጥንታቸው የተሰበረ፣ ከቀዶ ጥገና የተነሱ ሰዎች እጅና እግራቸውን እንደ አዲስ የሚለማመዱበት ቤት ነው። ሰማያዊ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ረጅም ኮሪደር አለው፤ በግድግዳው ወገብ ላይ የእንጨት መደገፊያ ተዘርግቶበታል፤ ጫፉ ላይ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ደረጃ አለ። እዚያ ሲገቡ ዝምታ ከበሮዋን ወዲያው አትነካም። መዳፏን በየአልጋው ብረት ላይ እያሳረፈች ክፍሉን አንድ ጊዜ ትዞራለች። ማን ይንቀጠቀጣል፣ ማን ገና አሁን እንቅልፍ ወሰደው፣ ማንን ሆድ ብሶታል—ከብረቱ ይሁን ከፊታቸው ማንም አያውቅም። ተመልሳ ለጋሼ አንገቷን ዝቅ ካደረገች ለስለስ ያለ ነገር ይጀምራል፤ ቀና ካለች ዓሣ ሻጯ ሴትዮ ትመጣለች።

ማዶ ይህን ሥራ የጀመረችው በግማሽ ልብ ነው። «ሙዚቃ ፈውስ ነው» ሲባል ስትሰማ ጥርሷን ያማታል። «እውነት ቢሆን ኖሮ ሙዚቀኛ አይታመምም ነበር» ትላለች። እዚያ ስትማር እዚህን ስትናፍቅ፣ እዚህ ስትመጣ የዚያን ስትፈልግ፣ የትም ቦታ ሙሉ ሆና ተቀምጣ አታውቅም። ከቡድኑ ጋር የተቀላቀለችው አባቷ እዚያው ማዕከል ተኝቶ ስለነበር ነው፤ እግረ መንገዷን ልትጠይቀው።

አባቷ ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ግራ ጎኑ ከዳው። ምላሱ ምንም አልሆነችም፤ «እሷንማ የቱ በሽታ ይደፍራታል!» ትላለች ታላቅ እህቷ። እግሩ ግን እንዳልነበረ ሆነ። ሐኪም ሲጠይቀው «ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ» ብሎ ይመልሳል።

ችግሩ ቤቱ ነው። ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የእግር ልምምድ የምታሠራው ባለሙያ ሴት ቁርጡን ነግራቸዋለች። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን ሰልፍ ያሰልፋል፤ በሽተኞቹ ሻለቃ ይሏታል። በሚመጣው ወር መጀመሪያ ዓርብ ትፈትነዋለች። ማንም ሳይዘው፣ በከዘራው ብቻ፣ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ደረጃውን ወጥቶ ከወረደ ወደ ቤቱ ይገባል። ካልቻለ ሌላ ከተማ የምትኖረው ትልቋ ልጁ ትወስደዋለች፤ ምድር ቤት ክፍል አዘጋጅታለች፣ ቀለም ሳይቀር አስቀብታለች። ለትልቋ ልጅ ይህ ፍቅር ነው። እሱ ግን ይህ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ቤቱ ሳደርስ ኖሬ፣ እኔን ሰው ቤት ልታራግፉኝ ነው?»

ማዶ ውጭ አገር ስትማር አንብባለች፤ እኩል እኩል የሚመታ ድምፅ የተዛባ እርምጃን ያግዛል ይላል። ምት የምትቆጥረውን ሜትሮኖሟን አመጣች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አባቷ አልጋው አጠገብ ቆሞ ቀኝ እግሩን በድምፁ ላይ አሳረፈ። ግራው ግን እስኪጎተት ድምፁ አልፏል። ቀጣዩን ጠበቀ፤ እሱም አለፈ።

«አመለጠኝ» አለ።

«ቀጣዩን ያዝ፣ አባዬ።»

«ቀጣዩም አመለጠኝ እኮ! ይሄ ነገርሽ ሰው ሳይጭን ነው የሚነሳው።»

ጋሼ ከበሩ ላይ ሆኖ ያያቸው ነበር። «ያቺን መቁጠሪያ ወደ ኪስሽ መልሻትና እኛ እንጫወትለት» አላት። «እኛ ቢያንስ ዓይን አለን።»

ጋሼ ከአንድ ቀዝቃዛ ወደብ ያመጣውን ሰልፍ ሰልፍ የሚል ዘፈን መረጡ። ሻለቃ ከአባቷ ጎን ቆመች፤ ሦስቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ጀመሩ። እውነትም እግሩ ተፈታ። አንድ በር አለፈ፤ ሁለተኛውን አለፈ። ዳሌያቸው የተሰበረ አንዲት አሮጊት አልጋቸው ላይ ቀና ብለው በማንኪያ የብረት ትሪ ይመቱ ጀመር። ነርሶቹ ከየክፍሉ አንገታቸውን አወጡ። ጭብጨባው ደመቀ፤ አንዱ አፏጨ።

ሙዚቀኛ ሲጨበጨብለት የሚሆነውን ሆኑ፤ ሞቃቸው። ሦስቱም ልብ አላሉትም። ከበሮው ትንሽ ወደ ፊት ገፋ፣ አኮርዲዮኑ ተከተለው፣ ቫዮሊኑ ደግሞ ላለመቅረት ሮጠ። መድረክ ላይ ቢሆን ሕዝቡ ይነሳላቸው ነበር። አባቷ ግን አውቶቡሱ እንዳመለጠው ሰው ወደ ድምፁ ተስቦ ፈጠነ፤ የግራ ጫማው አፍንጫ ፕላስቲኩን ነከሰው፤ ከዘራው ተንሸራቶ ግድግዳ ስር ገባ። ሻለቃ በብብቱ ባትይዘው ኖሮ በግንባሩ ይተከል ነበር።

ጭብጨባው ተቋረጠ። አኮርዲዮኑ የቀረችውን ትንፋሽ አወጣ።

«ነዳጅ የሰጠው ማን ነው?» አለ አባቷ። ሊያስቅ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል። አልጋው ላይ ሲያስተኙት ወደ ግድግዳው ዞረ። «ከእንግዲህ እኔ ስራመድ ሞተሩን አጥፉልኝ» አለ።

ሻለቃም አልማረቻቸውም። «ሰምታችሁታል። ለተኛ ሰው ተጫወቱ፤ ለሚራመድ አትጫወቱ።»

ሦስቱ ወደ ልምምድ ክፍላቸው ገቡ፤ ክፍል ከተባለ። የአንሶላ መጋዘን ነው። ታጥፎ እስከ ጣሪያ በተደረደረው ነጭ ጨርቅ መሐል ድምፅ ሁሉ ይታፈናል። ጋሼ አኮርዲዮኑን ከትከሻው ሳያወርድ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ሲያጨበጭቡልን ሰውየውን ረሳነው» አለች ዝምታ። በዚያ ቀን ከአፏ የወጣው ይሄው ብቻ ነው።

ማዶ ቫዮሊኗን ጭኗ ላይ አጋደመች። ልክ ነበረች ማለት ነው፤ ሙዚቃ ማንንም አያድንም። ሆኖም ልክ መሆኗ አንጀቷን አላራሰውም። ለእጇ ሥራ ፍለጋ ክሮቿን መቃኘት ጀመረች።

አንድ ክር እያጠበቀች ሳለ ከበሩ ውጭ ሻለቃ አባቷን ከአልጋው አስነስታ እንደገና ስታራምደው ተሰማት፤ ያለ ሙዚቃ። ዱብ፣ ጠቅ፣ ሽርርር። ደህናው እግር ሲያርፍ ዱብ፤ ከዘራው ጠቅ፤ ግራው እግር ሲጎተት ሽርርር። ጆሮዋ ልማዱ ነውና ሊያስተካክለው ሞከረ፤ ሽርርሩ ቶሎ እንዲያልቅ፣ አራት እኩል ምት እንዲሆን። አልሆነም። ዘገየ። በሚቀጥለውም ዘገየ፤ ያውም ያንኑ ያህል። በሚቀጥለውም።

እጇ ክሩ ላይ ቀረ። ሁልጊዜ እኩል የሚዘገይ ነገር ዘገየ ይባላል እንዴ? በጣቷ ጭኗ ላይ መታችው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሄ የተሰበረ አራት አይደለም፤ ሙሉ ሰባት ነው። እዚያ በተማሪነቷ አንድ መምህር የተራራ አገር ሰዎች በሰርጋቸው የሚጨፍሩበት ነው ብሎ አስጨፍሯቸው፣ የራሷ ሁለት ጤነኛ እግር ተጠላልፎ የክፍሉ መሳቂያ ሆና ነበር።

«ጋሼ፣ በሰባት የሚሄድ ዘፈን ታውቃለህ? እንዲህ የሚል?» የአንሶላውን ክምር መታችለት።

ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ከዚያ ከባልዲው ላይ ብድግ አለ። «ዘይት ቀቢው!»

«ማን?»

«የመርከባችን ሞተር ዘይት ቀቢ ነዋ! ከተራራ አገር የመጣ፣ በሩን የሚሞላ ሰውዬ። አገሩ ሲናፍቀው ማታ ማታ ወጥ ቤቴ እየገባ መጥበሻ ይዞ ይጨፍር ነበር። አብሬው ልጨፍር ብዬ ስንት ቀን ሾርባ ደፍቻለሁ!» ጣቶቹ ሳይታዘዙ ዜማውን ፈለጉት፤ አነከሰ፣ ዘለለ፣ እንደገና አነከሰ። «መድረክ ላይ ተጫውቼው አላውቅም። ሰው ማጨብጨብ አይችልበትም ብዬ ትቼው ነው።»

ማዶና ዝምታ ተያዩ።

«ማጨብጨብ አይችሉበትም?» አለች ማዶ። «እኛስ የፈለግነው እሱን አይደል!»

አባቷን ማሳመኑ ግን ሌላ ዳገት ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ አዳመጣት።

«በዚህኛው የምትነዳው አንተ ነህ፣ አባዬ። እኛ ተሳፋሪ ነን።»

«ተሳፋሪ ሾፌሩን አያነጋግርም። በሩ ላይ ተለጥፏል።»

«አናነጋግርህም። ስትሄድ እንሄዳለን፣ ስትቆም እንቆማለን።»

ብርድ ልብሱን ከአገጩ አወረደ። «እኔ ሳልነሳ የተነሳ ካለ፣ እዚያው እወርዳለሁ።»

«እሺ።»

«ያ ሽማግሌ ደግሞ ነዳጅ አይነካም።»

«ሰማሁ እኮ!» አለ ጋሼ ከኮሪደሩ።

ሻለቃ ክንዷን አጣምራ «አንድ ጊዜ ብታፈጥኑት መሣሪያችሁን እኔው ራሴ መጋዘን ከትቼ እቆልፍበታለሁ» ብላ ፈቀደች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ማዶን ካሰበችው በላይ አለፋት። ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው ድምፁ ላይ ቀድሞ መገኘትን ነው፤ ደጋኑ ክሩን ሲነካ ምቱ እንዲወለድ። አሁን ግን ምቱ የሚወለደው ከአንድ አሮጌ ጫማ ነው፤ እሷ ከኋላው መድረስ አለባት። ዝምታ የጫማውን ሶል ለማየት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በጉልበቷ መሐል ከበሮዋን ይዛ፣ እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ብቻ እጇን ታሳርፋለች። ጋሼ ዜማው ሲጥመው ወደ ፊት ማዘንበል አመሉ ነው፤ እንዳያዘነብል ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ቆመ። ስንት ሺህ ሰው ያስጨፈሩ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰው እግር እየተማሩ፣ ያለ ኩራት፣ እንደ ጀማሪ ሲሳሳቱና እንደገና ሲሞክሩ ማዶ አየች። ባየቻቸው ቁጥር አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ክሮቿ ተመለሰች።

አሮጊቷ ትሪያቸውን ይዘው ሊያግዟቸው ሞክረው ነበር። ሁለት ጊዜ መቱ፣ ሦስተኛው ላይ ጠፋባቸው።

«ኧረ ይሄ ዘፈን እግሩ ምን ሆኗል?» አሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው።

«እንደኔ ነው፣ እትዬ» አለ አባቷ ሳይቆም። «ያነክሳል።»

ዓርብ ደረሰ። ታላቅ እህቷ ከሌላው ከተማ በጠዋት መጥታ ኮሪደሩ ጥግ ቆማለች፤ መሀረቧን ከአሁኑ በእጇ ጨምቃዋለች። አባቷ ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ። ሻለቃ ከኋላው፣ እጇን ሳታስነካ። ሦስቱ ከፊቱ፣ ዓይናቸው ጫማው ላይ። ማንም «አንድ፣ ሁለት» አላለም።

ዱብ፣ ጠቅ፣ ሽርርር። ከበሮው ከጫማው ኋላ ገባ፤ አኮርዲዮኑ ከከበሮው ኋላ። ማዶ ሽርርሩን ይዛ በደጋኗ ጎተተችው፤ የአባቷ ደካማ እግር የሚሄደውን ያህል ረጅም፣ የሚሄደውን ያህል ሸካራ። የመጀመሪያው በር፣ ሁለተኛው፣ ባለፈው የተደናቀፈበት ቦታ። አለፈው።

ከኮሪደሩ መሐል ላይ ቆመ።

ላብ ከጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ከዘራው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «ደከመው» ብላ እህቷ አንድ እግር አነሳች፤ ሻለቃ ሳትዞር በእጇ አገደቻት። ሙዚቃው ግን አላለቀም። ጋሼ አንዲት ድምፅ ይዞ አኮርዲዮኑን በጸጉር ስፋት እየዘረጋ ነው። የዝምታ መዳፍ ከከበሮው ቆዳ በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ማዶ የደጋኗ ጫፍ እያለቀ እንደሆነ ይታወቃታል፤ አንድ ጸጉር፣ ሌላ ጸጉር፣ ክንዷ ተቃጠለ። በትልልቅ አዳራሽ መቶ ሰው የሚጫወትበት ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀምጣ ታውቃለች። ሦስት ሰዎች ለአንድ እግር ሲሉ ትንፋሻቸውን ይዘው የጠበቁበት ጨዋታ ግን ሰምታ አታውቅም፤ አሁን ውስጡ ሆና ነው የምትሰማው። ማንም አላበረታታውም፣ ማንም አላጣደፈው። ጊዜው የእሱ ነበር።

ዱብ።

ዜማው ከእሱ ጋር ተነሳ። ደረጃው ደረሰ። ደህናው እግር ከፍ፣ ከዘራው ጠቅ፣ ግራው ተጎትቶ ከጎኑ። አንድ በአንድ ወጣው። ላይኛው ወለል ላይ ሲደርስ ጋሼ ዘፈኑን በደማቅ ድምፅ ዘጋው፤ እህቷ በለቅሶ ፈነዳች፤ ነርሶቹ አጨበጨቡ።

«ጥሩ ነው፣ አባባ» አለች ሻለቃ ከታች። «አሁን ይውረዱ።»

ሦስቱ ሙዚቀኞች እርስ በርስ ተያዩ፤ ቆሌያቸው ተገፈፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ አብረውት የተለማመዱት መውጣቱን ብቻ ነበር፤ መውረዱን ሻለቃ ያለ ሙዚቃ ነበር የምታሠራው! ሙዚቀኛ ዘፈኑን ጣሪያ ላይ ያደርሰዋል፣ እዚያው ጭብጨባውን ተቀብሎ እጅ ይነሳል፤ ሰው ከጣሪያው መውረድ እንዳለበት ማን ያስባል? ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚቀድመው ከዘራውና ደካማው እግር ነው፣ ደህናው ከኋላ ይመጣል።

አባቷ ከዘራውን ወደ ታች አወረደ። ዝምታ ዱቡን መታች፤ ዱብ ግን የለም፣ እግሩ ገና አየር ላይ ነው። ተንገዳገደ። መደገፊያውን ሊይዝ እጁ ሄዶ ከመድረሱ በፊት ተመለሰ። ዓይኑ ማዶን ፈለገ፤ በዓይኑ ውስጥ ያ ቀለም የተቀባው የምድር ቤት ክፍል ነበር።

ማዶ ደጋኗን ከክሩ አነሳች። ጋሼ ጣቶቹን አነሳ። ዝምታ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ ዘረጋች፣ እንደማይመቱ እንዲያይ። ዝም አሉለት።

ጠቅ። ሽርርር። ዱብ።

አንድ ደረጃ። ሦስቱም አንገታቸውን ወደ እግሩ አስግገው ሰሙ። ጠቅ፣ ሽርርር፣ ዱብ። ሁለተኛ። ረጅሟ መሐል ገብታለች፤ ያው ሰባት ነው፣ ክብደቱ ብቻ ቦታ ቀይሯል። በሦስተኛው ላይ ዝምታ በአንድ ጣቷ ጫፍ ነካችው። አራተኛው ላይ ማዶ ገባች፣ በታችኛው ክር፣ በቀስታ። ጋሼ የመጨረሻው ነበር፤ ዜማውን ትቶ ከሥሩ አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ዘረጋለት፣ እንደ ወለል። አባቷ በዚያ ላይ ወረደ። የመጨረሻውን ደረጃ ለቆ ሰማያዊው ፕላስቲክ ላይ ሁለት እግሩን ጎን ለጎን አቆመ።

ማንም አላጨበጨበም። ሻለቃ እጁን ይዛ የልብ ምቱን ቆጠረች፤ ከዚያ ያንን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሑድ ቤትዎ ይግቡ» አለችው።

«ሲወርድ ዘግይታችኋል» አለ አባቷ ወደ ሙዚቀኞቹ ዞሮ።

«አንተ ሳትነግረን ሪቨርስ አስገብተህ!» ብሎ ጋሼ ጮኸ፤ ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ።

«አባዬ፣ ያን ክፍል እኮ ቀለም አስቀብቼዋለሁ» አለች እህቷ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ደግ አደረግሽ። ስመጣ አድርበታለሁ፤ ደርሶ መልስ ነው ታዲያ።»

ማዶ ሻለቃን ለብቻዋ ጠየቀቻት፤ ልምምዱ ነው ወይስ ሙዚቃው? ሻለቃ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ልምምድ ባይሠራ እግሩ አይሸከመውም ነበር። እናንተ ባትኖሩ ልምምዱን ይሠራው ነበር ወይ? እሱን እኔ አላውቅም። ከተደናቀፈ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው የእናንተ ሰዓት ነበር።» ማዶ ከዚህ የተሻለ መልስ እንደማታገኝ ገባት። የሚገርመው፣ ሌላ መልስ አላማራትም።

እሑድ ሦስቱም ሊያደርሱት መጡ። እህቷ ሻንጣውን፣ ዝምታ ብርድ ልብሱን፣ ማዶ መድኃኒቱን ያዘች። ጋሼ ደግሞ ቤት ሲገባ ባዶውን አይግባ ብሎ አኮርዲዮኑን በጀርባው አዝሏል። አባቷ መሣሪያ እንዳይነካ አዘዘ። «የራሴን ደረጃ በራሴ ድምፅ ነው የምወጣው» አለ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ አንዱ በር ላይ እርጥብ ጫማ እንዲደርቅ ተቀምጧል። በየደረጃው ማረፊያ እየቆመ፣ በየማረፊያው እየተነፈሰ ወጣ። ማዶ ከኋላው ነበረች፤ እጇን አልዘረጋችም።

በሩ ላይ ደርሶ ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ከታች እንደ ወናፍ የሚያፏጭ ትንፋሽ ተሰማ። ጋሼ ከእነ አኮርዲዮኑ አንዱ ማረፊያ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል።

«ምነው?» አለ አባቷ አጎንብሶ።

«እ… እ… ይሄ ቤት… ሰማይ ቤት ነው እንዴ?»

እህቷ ልትወርድለት ስትል አባቷ በከዘራው አገዳት።

«ተይው፣ አታጣድፊው» አለ። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ከዘራው ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ቁልቁል ወደ ጋሼ እያየ፣ ሳይቸኩል። «በራስህ ጊዜ፣ ወዳጄ። ያላንተ በሩን አልከፍትም።»